ጀልባዋ ላይ ድግር የገጠምኩ ለት

ውሃ ያረሰ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ካላያችሁ እኔን እዩኝ። አርሻለሁ። በሞተር አርሻለሁ፤ ያውም ከበላይ የመጣ ጓድ አሳፍሬ።

በደርጉ ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲኬድ፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የኛ ሸለቆ አለ። በሸለቆው ውስጥ በበጋ ፍየል የምትዘላት አንዲት ወንዝ ነበረች። መንግሥት ገደባት። ለምን እንደሆነ በስብሰባ ነግረውናል፤ እኔ ያን ለት ፀሐይ ሞቆኝ አንቀላፍቼ ስለነበር አልሰማሁም። ክረምቱ ገባ፣ ውሃው ሞላ፣ የኔም የገብስ ማሳ ከውሃው ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው "ማሳህ የት ነው?" ሲለኝ "ከዓሣው በታች" እላለሁ።

ማሳው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ምትክ ሰጥተውኛል። ወፍጮ ቤቱም፣ ገበያውም፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያንም ከውሃው ማዶ ቀሩ። ድሮ ሰው ወጥ ጥዶ ማዶ ደርሶ ይመለስ ነበር። አሁን ውሃውን ዞሮ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባለቤቴን ዘነቡን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ወር በገባ በሃያ አንድ ማዶ የማርያም ጽዋ አላት፤ ከተዳርንበት ጊዜ ጀምሮ ቀርታ አላየሁም። ውሃው የሞላ ጊዜ ሁለት ወር በተከታታይ ቀረች። ዘነቡ ማኅበር በቀረችበት ወር በቤቴ እንድትውሉ አልመኝላችሁም። አትቆጣም፣ አትሳደብም። ነጠላዋን ለብሳ ደጃፍ ትቀመጥና ማዶ ማዶውን ታያለች። ውሃውን የሞላሁት እኔ ይመስል እኔን ደግሞ አታየኝም።

ኋላ ቤተ ክርስቲያኑን ማምጣት ባይቻል ጀልባ አመጡልን። ከብር የነጣች፣ ሞተር ያላት፣ አሥር ሰው የምትይዝ። ጀልባዋ መጣች፣ ነጂ ግን አልመጣም። ሊቀመንበሩ ገበሬ ማኅበሩን ሰበሰበና "ጀልባ የሚያውቅ እጁን ያውጣ!" አለ። ዘነቡ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝና እጄን አወጣሁ።

"የት ነው የምታውቀው?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ። ኖኅ ሲነዳት አይቻለሁ።"

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። "ሌላ የሚያውቅ አለ?" ብሎ ዙሪያውን አየ። ውሃ ባልነበረበት አገር ጀልባ የሚያውቅ ሰው ከየት ይውጣ! እንዲህ ሆኜ ተሾምኩ። ጀልባዋን በመኪና ያመጣት ሾፌር ሞተሩን እንዴት እንደሚያስነሱት ግማሽ ቀን አሳየኝና ሄደ፤ እንዴት እንደሚያቆሙት ያየሁት ራሴ ነኝ፤ የሸንበቆው ዳርም ምስክሬ ነው።

ጀልባዋ አንድ አመል ነበረባት። ሞተሩ ሲነሳ ቂጧ ይሰምጥና አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይነሳል። ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ከፊት ይቀመጣሉ፤ መሀል ውሃ ስንደርስ ከነስልቻቸው እኔ ጉልበት ላይ ናቸው። ብዙ ነገር ሞከርኩ። ድንጋይ ከፊት ጫንኩ፤ ድንጋዩም ተንከባሎ መጣብኝ። መፍትሔ የሆኑኝ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ የኛ ሰፈር ትልቅ ሴት ናቸው፤ በዕድሜም፣ በክብርም፣ በሌላውም። አንድ ቀን አፍንጫዋ ላይ ቢቀመጡ ጀልባዋ እንደ ተገሠጸ ሰው አደብ ገዛች። ከዚያ ወዲያ ያለ እሳቸው አልሄድም። ገበያ ጉዳይ ይኑራቸውም አይኑራቸውም ጠዋት ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ሕዝቡ ቆሞ ያሳልፋቸዋል፤ ከፊት ይቀመጡና "እሺ፣ ንዳ" ይሉኛል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ፊታቸው ሲፈካ አላየሁም።

በአንድ ወር መግቢያ ላይ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ደረሰብኝ። አንደኛ፣ እትዬ አስካለ የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ ደብረ ብርሃን ሄዱ። ሰርግ መቼም ታውቃላችሁ፤ ሰርጉ ሲያልቅ መልሱ፣ መልሱ ሲያልቅ ቅልቅሉ አለ። ሁለተኛ፣ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ተቆጣጣሪ ጓድ በሃያ አንድ መጥቶ ጀልባዋን ተሳፍሮ ያያል፤ አገልግሎቷ አጥጋቢ ካልሆነ ወደ ሌላ ሐይቅ ትዛወራለች ይላል። ሊቀመንበሩ ሲያነበው ዘነቡ ከሴቶቹ መሀል ነበረች። ነጠላዋን አስተካከለችና ማዶውን አየች። በዚያው ወገቤ ተቆረጠ።

ሦስተኛው፣ ደብዳቤውን ባመጣው መኪና አንድ ካርቶን አብሮ መጣ። ስንከፍተው ሁለት ጥቁር ክንፍ የሚመስል ነገር፣ ቡሎን ከነዳዶው፣ እንዲሁም አንድ ወረቀት አለበት። ሾፌሩ "አፍንጫዋ እንዳይነሳ ሞተሩ ላይ የሚታሰር ነው አሉ" ብሎኝ መኪናውን አስነሳ። እንዴት እንደሚታሰር ስጠይቀው አቧራው መለሰልኝ።

ወረቀቱ በአራት ቋንቋ ተጽፏል። አራቱንም አላውቃቸውም። የኛንም ቢሆን በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬ ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፤ መስመሩ መጨረሻ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። ስለዚህ ባለሙያ ጠራሁ። ባለሙያው ሰይድ ነው። ሰይድ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ በርበሬና ጥጥ ከቆላ ያወጣል። አህዮቹ ውሃውን ሲዞሩ እሱ ቅርጫቱን ይዞ በጀልባ ይሻገራል። አንድ ጊዜ አሰብ ድረስ ሄዶ መርከብ አይቷል። እኔ በሥዕል፣ እሱ በዓይኑ፤ እንግዲህ በኛ አገር ከዚህ በላይ ባለሙያ ከየት ይመጣል?

ሞተሩን ከጀልባዋ አውርደን ሳር ላይ አጋደምነው። ከታች ውሃውን የሚገፋው ባለ ሦስት ቅጠል ብረት አለ። ከቅጠሉ ከፍ ብሎ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ብረት አለች፤ ክንፎቹ የሚታሰሩት እሷ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ነው። ይሄን ሥዕሉ ያሳያል። የተጣላነው ከዚህ በኋላ ነው።

"ጋሼ፣ ሥዕሉን እይ እንጂ" አለ ሰይድ። "ዝርግ ነው። እንደ ትሪ። ቀጥ ብሎ ተኝቷል።"

"ዝርግ ነገር ምን ይይዛል?"

"ምን እንዲይዝ ነው የምትፈልገው?"

"ውሃውን!"

"ወላሂ፣ ውሃ የሚያዝ ቢሆን ማሳህን መቼ ትነጠቅ ነበር?"

ይሄ ቃል ገባብኝ። በዚህ መሀል ዘነቡ ምሳ ይዛ መጣች። ሞተሩን ዞር ብላ አየችው፤ ክንፎቹን አየቻቸው። "ይሄ ነገር ድግር ነው የሚመስለው" አለች።

እንዲህ ስትል በራልኝ። ድግር የማታውቁ ካላችሁ፣ በማረሻው ግራና ቀኝ ተጋድመው አፈሩን የሚከፍቱት ሁለት እንጨቶች ናቸው። ሞተሩን ብድግ አድርጌ ባየው እውነትም ሞፈር ቀንበር የሌለው እርሻ ነው! ከላይ የምጨብጠው እርፍ አለው፤ ከታች የሚሾለው ብረት ማረሻ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ድግሮቹ። ሠላሳ ዓመት ይዤው የኖርኩትን ዕቃ እኮ ነው ፈረንጅ በካርቶን የላከልኝ! ድግር ደግሞ እንዴት እንደሚገጠም እኔን አታስተምሩኝም። ጫፉ ወደ መሬት ካላዘነበለ ማረሻው ይንሳፈፋል፤ መሬት አይዝም። እንዲይዝ ከኋላው ውሻል ይገባል። አፍንጫዋ የሚነሳው ሳይይዝላት ቀርቶ ነዋ!

"ሰይድ፣ ወይራ አምጣ" አልኩት።

"ለምን?"

"ውሻል ልጠርብ።"

"ወረቀቱ ላይ እንጨት የለም!"

"ወረቀቱን የጻፈው ሰው አርሶ ያውቃል?"

ሰይድ ወይራ ፍለጋ ሄደ። አሰብ ላይ ሲታረስ አላየማ።

ሰይድ ውሃውን ዞሮ ከወፍጮ ቤቱ ትራፓኖ የሚሉትን በእጅ የሚዘወር መብሻ ተውሶ መጣ። አምስት ቀዳዳ በሳን፤ አራቱ ለቡሎን፣ አንዱ ለስህተት። ክንፎቹን አሰርን፤ ከኋላቸው ጣት የሚያህል የወይራ ውሻል ግራና ቀኝ መትቼ አስገባሁ። ጫፎቻቸው ቁልቁል አዘነበሉ። ራቅ ብዬ ባየው ልቤ ሞቀ። የዚያን ያህል ያማረ ድግር ለራሴ በሬዎችም አበጅቼ አላውቅም። "እንሞክረው" አለ ሰይድ። በምን? ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የቀረችን አንዲት ጄሪካን ለጓዱ ተጠብቃ ሊቀመንበሩ አልጋ ሥር ነው ያለችው።

ሃያ አንድ ደረሰ። ጓዱ መጣ። ቀጭን፣ ካኪ የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ፋይል ያቀፈ ወጣት ነው። ሴቶቹ ዘመሩ፣ ሊቀመንበሩ መፈክር አሰማ። ጓዱ ወደኔ ጠጋ አለና፣

"ጓድ ኦፕሬተር፣ የመሣሪያው የአገልግሎት ብቃት በምን ደረጃ ላይ ይገኛል?" አለኝ።

ኦፕሬተሩ ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም።

"ደህና ናት፣ እግዜር..." አልኩና ሊቀመንበሩን አየሁት። "አብዮቱ ይመስገን።"

ጓዱ ጎንበስ ብሎ ክንፎቹን አየ። መነጽሩን ከፍ አደረገ። "ይህ እንጨት የመሣሪያው አካል ነው?"

"አዎ ጓድ። አብሮ የመጣ ነው።" ይሄን ውሸት ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ለናንተ ደግሞ ዛሬ ነገርኩ።

ተሳፈርን። ዘነቡ ለማኅበሩ ያዘጋጀችውን ድፎ ዳቦ በመሶብ ይዛ ከፊት፣ በእትዬ አስካለ ቦታ ተቀመጠች። ዘነቡ ንፋስ ቢነሳ የምትይዟት ሴት ናት፤ ለአፍንጫ አትሆንም። ግን ጉልበቷ እንዳይጨናነቅ ብዬ ነው። ሰይድ በርበሬውን ታቅፎ መሀል። ጓዱ "መሣሪያውን በቅርብ እከታተላለሁ" ብሎ ከኋላ ከጎኔ ሆነ። ገመዱን ሳብኩ፤ ሞተሩ ተነሳ።

መጀመሪያ ቀስ ብዬ ስለሄድኩ ምንም አልነበረም። ሕዝቡ ከዳር ያጨበጭባል። ኩራት ያዘኝና ጋዝ ሰጠኋት።

ያዘ! ኧረ እንዴት ያለ አያያዝ ነው የያዘው! ጥቁር መሬት ላይ እንኳ እንደዚያ ያለ አያያዝ አይቼ አላውቅም። ድግሮቹ ቁልቁል ገቡ፤ ቂጧን ይዘው ወረዱ፤ አፍንጫዋ ጫጩት እንዳየ ጭልፊት ሳይሆን ጭልፊት እንዳየች ዶሮ ሰማይ ሰማዩን ቃኘ። ዘነቡ ከራሳችን በላይ ሆነች። ከታች የማያት የጫማዋን ሶል ነው።

"አንተ ሰውዬ! ማርያም ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ አልኩህ እንጂ ማርያም ዘንድ አድርሰኝ አልኩህ?"

እኔ ደግሞ ገበሬ ነኝ። ማረሻ ሲዘል እርፉን መጫን ነው የማውቀው። ወደ ኋላ ተለጥጬ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት፤ ጋዙንም ጨመርኩ። "ሃ! ቀጥ በል! መለስ!" እያልኩ። ባሰ። ውሃው በኋላ በኩል እንደ እንግዳ ዘው ብሎ ገባ። መሶቡ ተንከባሎ የሰይድ ጭን ላይ አረፈ። የሰይድ ቅርጫት ተገልብጦ በርበሬው ውሃው ላይ ተዘራ። "አላህ! ያ አላህ! ዝርግ ነው ብዬው ነበር! አንተ ምስክሬ ነህ!" ይላል ሰይድ ሰማይ ሰማዩን እያየ። የጓዱ ፋይል ተንሳፍፎ ሄደ፤ መነጽሩም ተከተለው፤ ጓዱ ራሱ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል።

ያኔ ነው የሰማሁት። ያ "የአገልግሎት ብቃት፣ በምን ደረጃ" ሲል የነበረ ሰው፣

"ውሻሉን!" ብሎ ጮኸ። "ውሻሉን አውጣው እንጂ አንተ! ጠልቆ ሄደብህ እኮ! ምን ዓይነት ገበሬ ነህ? ጠልቆ የሄደ ማረሻ ይጫኑታል?"

ሞተሩን አጠፋሁ። አፍንጫዋ ተመልሳ ጧ! ብላ ወደቀች፤ ዘነቡም አብራት ወረደች። መሀል ውሃ ላይ ቆመን ተንሳፈፍን፤ ዙሪያችንን በርበሬ። ማዶና ማዶ ያሉትን ዛፎች አስተያየሁ። በትክክል ከገብስ ማሳዬ በላይ ነን።

"ባርሰውም የራሴን ነው" አልኩ፤ ማንም አልሳቀም።

ሞተሩን ወደ ላይ አጠፍኩትና ክንፎቹ ከውሃ ወጡ። ወደነሱ ጎንበስ ስል ግን ኋላዋ ሊሰምጥ ሆነ። "ሁላችሁም ወደ አፍንጫ!" አልኩ። ዘነቡ፣ ሰይድና ጓዱ እንደ ተሰበሰቡ በጎች ከፊት ተጣበቁ፤ ጓዱ በቆርቆሮ ውሃውን ይጨልፋል። እኔ የሰይድን የሚዛን ድንጋይ ይዤ ውሻሉን መታሁ። ወይራ ውሃ ሲጠጣ ታውቁታላችሁ፤ አብጦ አልነቃነቅ አለ። መታሁ፣ መታሁ። ጓዱ ከወዲያ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና ትዕግሥቱ አለቀ።

"አምጣ ወዲህ! ውሻል እንዲህ ፊት ለፊት አይመታም፤ ከጎኑ ነው!"

ተለዋወጥን። ካኪውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ በሆዱ ተኛና ከጎን ሁለት ጊዜ መታው። ዱብ አለ። ሁለተኛውንም መታ። ዱብ አለና ሳይሰምጥ በእጁ ያዘው። ሲነሳ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ነው፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

"የየት አገር ሰው ነዎት፣ ጓድ?" አልኩት።

"የሰላ ድንጋይ ሰው ነኝ። አባቴ ለትምህርት እስኪለቀኝ ድረስ እርፍ ጨብጫለሁ።"

"የውሻል አመታትዎ አስታወቀ።"

"ስማ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይሄ እንጨት አብሮ የመጣ ነው ያልከኝ?"

መሬቱ ቅርብ ቢሆን ይዋጠኝ ባልኩ፤ እሱም ከውሃው ሥር ነው። "እኔ ነኝ የጠረብኩት። ድግር መስሎኝ ነው። ዛሬ ማኅበሯ ነው፤ ጀልባዋ ከሄደች በእግሯ አትደርስም" ብዬ ወደ ዘነቡ ጠቆምኩ። ዘነቡ ዳቦዋን እየዳበሰች "ድግር ያለው እሱ ነው" አለች። እግዜር ያያታል።

ጓዱ የያዘውን ውሻል አገላበጠው። ሞተሩን አስነሳሁ። ፈርቼ ጋዙን ቀስ፣ ቀስ አድርጌ ጨመርኩ። ክንፎቹ ዝርግ ብለው እንደ ትሪ ተኙ፤ ቂጧን ከታች ደግፈው አነሷት፤ አፍንጫዋ ወረደች። ያለ እትዬ አስካለ! ውሃውን እንደ ነጠላ እየቀደደች ማዶ አደረሰችን። ሰይድ እስክንደርስ ድረስ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው፤ እሱም "ትሪ" የሚል ነው። ደጋግሞ ተናገረው።

ዳር ወጥተን ጓዱ ሱሪውን ጨመቀ። ፋይሉን በመቅዘፊያ አውጥተንለት ነበር፤ ሲከፍተው ቀለሙ ሁሉ ፈስሶ ሰማያዊ ሆኗል። ዘነቡ ወደ ማኅበሯ አልሄደችም፤ ቆማ ታየዋለች። ሁላችንም ቆመን እናየዋለን።

"እናንተ ጋ ገብስ ስንቴ ይታረስለታል?" አለኝ።

"ሦስቴ፣ ጓድ።"

ውሃውን አየው። ሰይድ የዘራው በርበሬ እስካሁን ቀይ መስመር ሆኖ መንገዳችንን ያሳያል።

"ዛሬ አንዴ ታረሰ። ሁለት ይቀራል። ይሄን ያህል ጥሬ መሬት ጥዬ ጀልባዋን የት ልወስዳት?" አለና የቀረውን ውሻል ኪሱ ከቶ ወደ ዳቦው ዞረ። "እናቴ፣ ይሄ ነገር ረጥቧል?"

"ከላዩ ብቻ ነው፣ ልጄ" አለች ዘነቡ። ከማኅበሩ በፊት ዳቦ ስትቆርስ ያን ለት ብቻ ነው ያየኋት። ለኔም ቆረሰችልኝ፤ ፊቴንም አየችኝ።

ጀልባዋ ቀረችልን። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር፤ ግን ቅልቅሉ አለቀና እትዬ አስካለ ከደብረ ብርሃን ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ሕዝቡ ቆሞ አሳለፋቸው። ሊቀመጡ ሲሉ ወደ ማዶ ሊሻገሩ የመጡት ሴቶች "አሁንማ ለብቻዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ እትዬ! ክንፍ አወጣች!" አሏቸው። እትዬ አስካለ ጃንጥላቸውን አጠፉ። "እንግዲያ ገበያም ጉዳይ የለኝ" አሉና ዳገቱን ቀና ብለው አዩት።

"ይቆዩኝ አንዴ፣ እትዬ፤ ለዛሬ እንኳ ከኋላ ይሳፈሩ" አልኩ። ሞተሩን ወደ ላይ አጠፍኩት። ከኪሴ ቢላዋ አወጣሁ፤ ከሸንበቆው ዳር አንዲት ስስ እንጨት ቆረጥኩ፤ ጥፍር የማታህል ውሻል ጠርቤ ከክንፎቹ ኋላ ግራና ቀኝ ሸጎጥኩ። ከጎን ነው የመታሁት። ሰይድ አየኝ፤ አፉን ከፈተ፤ አየኝና መልሶ ዘጋው።

ትንሽ ሄድ እንዳልን አፍንጫዋ ቀና፣ ቀና አለች። ሴቶቹ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመሩ።

"እትዬ አስካለ!" ብዬ ጮኽኩ። "ኧረ ቦታዎን ይያዙልኝ! ያለ እርስዎ እኮ አልሆነችም!"

እትዬ አስካለ ተነሱ። ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ሴቶቹን አንድ በአንድ እያለፉ ወደ ፊት ሄዱና ቁጭ አሉ። አፍንጫዋ ወረደች።

"እሺ፣ ንዳ" አሉኝ።